ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ቮልቱን ለኩት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ጠዋት አልነሳ ካለ ምክሩ ሁሌም አንድ ነው፣ ባትሪ ቀይር። ጎረቤት ይላል፣ ጥበቃው ይላል፣ ገፍቶ ሊያስነሳልህ የመጣው ልጅ ይላል፣ አንዳንዱ ኤሌትሪሻን ደሞ ኮፈን ሳይከፍት ይላል። የባትሪ ዋጋ አሁን የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በጣም የሚያናድደኝ ነገር ሰው ከስንት ነገር ቀንሶ አዲስ ባትሪ ይገጥምና ትንሽ ወራት ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል፣ ከዛ "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ይላል፣ ሌላ ይገዛል። ፎርጅድ ባትሪ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። ግን ብዙ ጊዜ ባትሪውን የገደለው ነገር እዛው መኪናው ውስጥ እንዳለ ነው፣ ማለትም ቮልቱ ልክ አይደለም፣ ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል ወይ ይዋዥቃል። ይሄን ለማወቅ የሚያስፈልገው ደሞ የትኛውም የኤሌክትሪክ እቃ ሱቅ የማይጠፋ ርካሽ መልቲሜትር፣ ቮልት መለኪያ ነው፣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ዳሽቦርዱ ውስጥ ቢያስቀምጥ እላለሁ።

ከቁጥሮቹ ልጀምር ምክንያቱም ቁጥሮቹን ካወቃችሁ ጋራዥ ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ አትሰሙም፣ ትጠይቃላችሁ።

መኪናው አድሮ ጠዋት ቁልፍ ሳትነኩ መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት፣ ቀዩን ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጋቲቭ ላይ። 12.6 ወይም 12.7 ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው፣ 12.0 ከሆነ የቀረው ሩብ አካባቢ ነው፣ ከ11.9 በታች ከወረደ በቃ ባዶ በሉት። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ "ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12 ካሳየ ምን ሆነ?" ይላል። ባትሪው ውስጥ 6 ሴሎች ናቸው ያሉት፣ እያንዳንዱ ሙሉ ሲሆን 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ ድምሩ 12.6 ነው፣ ስለዚህ 12 ቮልት ማለት ስሙ ብቻ ነው። አድሮ የምለው ደሞ አሁን ተነድቶ የጠፋ መኪና ላይ ብትለኩ የውሸት ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ ነው፣ ብዙ ሰአት ማረፍ አለበት።

ቀጥሎ ሰው እንዲያስነሳላችሁ አድርጉና ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ቁጥሩን እዩት። መውረዱ አይቀርም፣ ግን ሙሉ የነበረ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደሞ ከ13.8 እስከ 14.5 መሃል መቀመጥ አለበት። መብራት አብሩ፣ የአየር ማራገቢያውን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ካለ እሱንም ጨምሩ፣ ትንሽ ዝቅ ቢል ችግር የለውም ግን ከ13 በላይ መቆየት አለበት። ነዳጅ ሰጥታችሁ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2500 ዙር ስታደርሱት ደሞ ከ14.7 መብለጥ የለበትም። በቃ ዋናው ምርመራ ይሄ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለምን 14 አካባቢ? ባትሪው 12.6 ስለሆነ ወደሱ ኤሌክትሪክ እንዲገባ ዲናሞው፣ ሞተሩ ሲሰራ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው እቃ፣ ከሱ ከፍ ማለት አለበት። 13.2 ብቻ ከሰጠው ባትሪው ቀስ በቀስ ሳይሞላ ይከርማል፣ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ደሞ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ከተጋገረ በኋላ ቻርጅ ብታደርጉትም ወደ ድሮው አይመለስም። በሌላ በኩል ከ15 በላይ ከሄደ ውሃው ይፈላል፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ትሰማላችሁ፣ የባትሪው ጎን ያብጣል። አምፖልም አይተርፍም። ቮልት በ5 ፐርሰንት ብቻ ሲጨምር የአምፖል እድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የፊት መብራት አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልባችሁ ከሆነ አምፖሉን ከመርገማችሁ በፊት ቮልቱን ለኩት። የባትሪ ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባችሁም እንደዛው። በነገራችን ላይ ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድ የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ አሲዱ አይተንም እኮ፣ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲድ በጨመራችሁ ቁጥር እያከበዳችሁት ሳህኖቹ እንዲበሉ ታደርጋላችሁ።

አሁን እኔ የምወደው ክፍል፣ ቮልቱን ማነው ልክ ላይ የሚይዘው የሚለው። ሰው ባትሪው ይመስለዋል። ባትሪው ጣራ ላይ እንዳለ ሮቶ ነው፣ የአፍታ ጉድለት ይሸፍናል፣ አንድ ጊዜ ለማስነሳት ብዙ ይሰጣል፣ ግን ከታች የሚገፋ ከሌለ ያልቃል። የሚገፋው ዲናሞው ነው፣ ዲናሞውን ደሞ የሚያዘው ሬጉሌተር የሚባለው ትንሽዬ እቃ ነው።

ዲናሞው ውስጥ የሚዞር ጥቅል አለ፣ ጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲገባ ማግኔት ይሆናል፣ ማግኔቱ ሲዞር ዙሪያውን ያሉት የቆሙ ጥቅሎች ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ የሚፈጠረው ኤሲ ነው፣ አቅጣጫው እየተገለባበጠ የሚሄድ ማለት ነው፣ ከኋላ ያሉት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ባትሪው ወደሚቀበለው ዲሲ ይቀይሩታል። አስቸጋሪው ነገር ሞተሩ አንዴ 800 ዙር አንዴ 4000 ዙር ነው፣ ማግኔቱ ሁሌ እኩል ጥንካሬ ቢኖረው ጋዝ በረገጣችሁ ቁጥር ቮልቱ አብሮ ይወጣ ነበር፣ ሁሉንም ነገር ያቃጥል ነበር። ሬጉሌተሩ የሚሰራው ስራ ቮልቱን እያየ ወደሚዞረው ጥቅል የሚገባውን ጥቂት አምፔር መቆጣጠር ነው፣ ቮልቱ ሲወርድ ይጨምርለታል ማግኔቱ ይጠነክራል፣ ሲወጣ ይቀንስለታል፣ ይሄንን በሰከንድ ውስጥ በጣም ብዙ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው የሚያደርገው። መብራት ስታበሩ፣ ፍሬን ስትረግጡ፣ የራዲያተር ፋን ሲነሳ ሁሉ እሱ እየሰራ ነው። ሙቀትም ያያል፣ ሲሞቅ ቮልቱን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል ምክንያቱም የሞቀ ባትሪ በትንሽ ቮልት ይሞላል፣ ከዛ በላይ ሲሰጡት ይፈላል። አዋሽ ወይ ድሬዳዋ ወርዳችሁ ስትለኩ አዲስ አበባ ጠዋት ከለካችሁት ትንሽ ያነሰ ብታገኙ አትደንግጡ ለማለት ነው።

ድሮ ይሄ ስራ በሜካኒካል ነበር የሚሰራው። ቮልስ የነዳ ወይ የቮልስ ኮፈን ሲከፈት ያየ ሰው ያውቀዋል፣ በስፕሪንግና በማግኔት የሚንቀጠቀጥ ኮንታክት ያለበት ሬጉሌተር ነበር፣ ኮንታክቱ ሲያረጅ ቮልቱ እንዳሻው ይሆናል። የቆየ ቮልስ ጭራሽ 6 ቮልት ነው፣ ወደ 12 የዞረው በ1960ዎቹ ነው እ.ኤ.አ.። ቮልስ ላይ ደሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋ የምንለው፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ፋን ነው የሚያዞረው፣ አንድ ዘንግ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይዋ የባትሪ መብራት መንገድ ላይ ከበራች ቆይ ቤት ልድረስ አይባልም፣ ወዲያው መቆም ነው፣ አለበለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። አሁን የምንነዳው ዳዮድ ያለበት ዲናሞ በብዛት መኪና ላይ መግጠም የጀመረው ሲሊከን ዳዮድ ከመጣ በኋላ ነው፣ ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 ቫሊያንት ላይ ገጠመው፣ ሌሎቹ ተከተሉ።

ታሪኩን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጋራዦቻችን ውስጥ እስካሁን የሚሰራ አንድ "ምርመራ" አለ፣ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ገመድ ይነቅሉና "ካልጠፋ ዲናሞው ይሰራል" ይላሉ። እባካችሁ መኪናችሁ ላይ ይሄ እንዲደረግ አትፍቀዱ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ሳለ በድንገት ስትነቅሉት የሚያመርተው ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ያጣል፣ ማግኔቱ ደሞ በአንዴ አይጠፋም፣ ሬጉሌተሩ ቢያቋርጠውም እስኪደክም ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ በዛች ጊዜ ቮልቱ ይዘላል። ትንሽ መዝለል እንዳይመስላችሁ፣ አይኤስኦ 16750-2 የሚባለው አለም አቀፍ ስታንዳርድ ለባለ 12 ቮልት መኪና የሚሆን እቃ ይሄንን ሁኔታ ይቋቋም እንደሆነ የሚፈትነው ከ79 እስከ 101 ቮልት ባለው ነው፣ እስከ 0.4 ሰከንድ ለሚቆይ ጊዜ። ብዙ ዲናሞ ይሄን የሚገታ ዳዮድ ከውስጡ አለው፣ ያም ሆኖ 35 ቮልት አካባቢ ሊደርስ ይችላል፣ ገበያ ላይ ተገዝቶ የተገጠመው ዲናሞ ይኑረው አይኑረው ደሞ ማንም አላየም። ድሮ ካርቡሬተር ላለው መኪና ቢበዛ አምፖል ይቃጠል ነበር። አሁን ግን የሞተር ኮምፒውተር አለ፣ ኤርባግ አለ፣ ኤቢኤስ አለ፣ የአንዱ ኮምፒውተር ዋጋ ስንት ባትሪ እንደሚገዛ አስቡት። መልቲሜትር ያለው ሰው ይሄን ማድረግ አያስፈልገውም፣ 14 ካሳየ ይሰራል፣ 12.3 አሳይቶ እየወረደ ከሄደ አይሰራም፣ አለቀ።

ወደ ገመድ ልምጣ ምክንያቱም በጣም የሚረሳው እሱ ነው። አጎቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ መኪናቸውን ልጅ እንደሚንከባከቡ ነው የሚንከባከቡት፣ ማታ መብራቱ ይደክማል፣ ጠዋት ሞተሪኖው እየጎተተ ነው የሚነሳው፣ ባትሪም አስቀየሩ ዲናሞም አሰሩ ያው ነው። ደውለው "ልጄ ሌላ ባትሪ ልግዛ እንዴ፣ ሰውዬው ይሄኛውም ሞቷል አለኝ" አሉኝ። "ኧረ ጋሼ ይቆዩ፣ እንዳይገዙ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኳቸው። ሄጄ ስለካ ዲናሞው ላይ 14.3 ነው፣ ባትሪው ላይ ግን 13.2፣ መሃል ላይ ከአንድ ቮልት በላይ ጠፍቷል። ሞተሩ እየሰራ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ አንዱን ሽቦ ዲናሞው አካል ላይ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሳደርግ ወደ 1 ቮልት አሳየ፣ እዚህ ቦታ ላይ ከ0.2 በላይ መሆን የለበትም። ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው የግራውንድ ገመድ ጫፉ ዝጎ፣ ከውስጥ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ጥቂት ክር ነበር። አዲስ ወፍራም ገመድ ተቆረጠ፣ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፋቀ፣ ጠበቅ ተደረገ፣ ባትሪው ላይ 14.2 መጣ። "ይሄ ገመድ ነው ይሄን ሁሉ ያስወጣኝ?" ብለው ገመዱን በእጃቸው ይዘው ቆዩ።

ሂሳቡን ካሰባችሁት አይገርምም፣ ገመድ ላይ 0.02 ኦህም ብቻ የምታክል መሰናክል ብትኖርና 40 አምፔር ቢያልፍባት 0.8 ቮልት ትበላለች። በአይን ደህና የሚመስል ገመድ ነው ይሄን የሚያደርገው። ለዚህ ነው ዲናሞ ከማውረዳችሁ በፊት ሁለቱን መንገዶች ለኩ የምለው፣ ከዲናሞው ወፍራም መውጫ ቡሎን እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ። የባትሪው ተርሚናል ላይ የሚያብበው ነጭና አረንጓዴ ነገርም አንዱ መሰናክል ነው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ አድርቁ፣ እሰሩ፣ ላዩን ቫዝሊን ቀቡት። ስትፈቱ ኔጋቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስሩ ኔጋቲቩን መጨረሻ፣ ሞተሩ ጠፍቶ።

ክረምት ላይ ደሞ ቺንጋ አለ። ዝናብ የዘነበ ቀን ኩሬ ውስጥ ስትገቡ ወይ ጠዋት ስታስነሱ ጭጭጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፣ ዲናሞው የሚገባውን ያህል አይዞርም፣ ቮልቱ ይወርዳል። ማጥበቅ ወይ መቀየር ነው፣ ውድ ነገር አይደለም።

ዲናሞው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝም ሙሉውን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል። ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ጥቅል የሚያስገቡት ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች ያልቃሉ፣ ሲያልቁ አንዴ ይሞላል አንዴ አይሞላም፣ ኮረኮንች ላይ ይበራል ይጠፋል። ካርቦን መቀየር ትንሽ ወጪ ነው፣ ሬጉሌተሩም ብዙ መኪና ላይ ለብቻው ይገኛል። ዳዮድ ሲበላሽ ደሞ ምልክቱ ሌላ ነው፣ ሬድዮ ላይ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ይመጣል፣ ቀይዋ የባትሪ ምልክት ደብዘዝ ብላ ትበራለች። መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ዳዮዱን ጠርጥሩ። ሌላም ቀላል ነገር አለ፣ መኪናው አድሮ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ዲናሞውን በእጃችሁ ንኩት፣ ሌላው ብረት ሁሉ ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ለብ ካለ ሌሊቱን ሙሉ በዳዮዱ በኩል ከባትሪው እየጠጣ ነበር ማለት ነው።

ሌሊት ስለሚጠጣ ነገር ካነሳን፣ እኛ ሀገር አላርም አለ፣ ጂፒኤስ አለ፣ ድብቅ ማጥፊያ አለ፣ ሁሉም ከየቦታው ሽቦ ስቦ ነው የሚገጠመው። መኪና ተቆልፎ ሲቆም ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ቢስብ ኖርማል ነው። 300 ሚሊአምፔር ከሳበ ግን በቀን 7.2 አምፔር ሰአት ነው የሚወስደው፣ ባለ 45 አምፔር ሰአት ባትሪ በሶስት ቀን ግማሽ ይሆናል። አርብ ያቆማችሁት መኪና ሰኞ አልነሳ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው፣ ቻርጅ ሲደረግ ደህና ይሆናል፣ ሲቆም ይሞታል።

ትራፊኩም የራሱ አለው። ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ በማታ ጭንቅንቅ ስትንፏቀቁ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ነው ያለው፣ ዲናሞው በዛ ዙር ከሙሉ አቅሙ ግማሹን ላይሰጥ ይችላል፣ መብራቱ ወደ 9 አምፔር ይወስዳል፣ የራዲያተር ፋኑ አለ፣ ማራገቢያው አለ፣ ስልክ ቻርጅ አለ፣ አንዳንዱ ደሞ ትልቅ አምፕሊፋየር ጨምሮበታል። ሂሳቡ ሲጎድል ባትሪው ነው የሚከፍለው። ሙዚቃው በመታ ቁጥር መብራቱ ጭልም የሚል መኪና አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ትልቅ ባትሪ መግጠም ይሄንን አይፈታም፣ የሚሞላው ያው ዲናሞ ነው። "ቮልቴጅ ስታቢላይዘር" እያሉ ባትሪው ላይ የሚታሰር መብራት ያላት ሳጥን ይሸጣሉ፣ ነዳጅ ይቆጥባል ሁሉ ይባልላታል፣ ውስጧ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ጥቂት ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚይዙ እቃዎች ናቸው፣ በጣም አጭር መዋዥቅ ታለሰልስ ይሆናል እንጂ የደከመ ዲናሞ ወይ የዛገ ግራውንድ አታድንም። ከሷ ጋር አብሮ የሚሸጠው ተጨማሪ የግራውንድ ገመድ ለውጥ ካመጣላችሁ የድሮው ገመዳችሁ ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው። ገንዘባችሁን ለዛች ሳጥን አትስጡ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አዳዲስ መኪኖች ላይ ቮልቱን የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ዲናሞውን ሆን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፣ እና ሞተሩ እየሰራ 12.8 አይታችሁ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትፈቱት። ኔጋቲቩ ተርሚናል ላይ ትንሽ ሶኬት ያለበት ሴንሰር ካያችሁ መኪናችሁ ከነዚህ ነው። መብራትና ማራገቢያ አብሩና እዩት፣ ጤነኛ ከሆነ ከፍ ይላል።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አላችሁ፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለቆመ ከተማው በነሱ እየሞላ ነው። ዲናሞ የላቸውም፣ ቺንጋ የለም፣ ግን ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ በሩንም ስክሪኑንም ኮምፒውተሩንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያም በሱ ነው የሚዘጋው። ትንሹ ከሞተ ትልቁ 80 ፐርሰንት ሞልቶም መኪናው አይነሳም። ትንሹን የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ቮልት ወደ 14 አካባቢ የሚያወርድ ዲሲ ዲሲ ኮንቨርተር ነው። ስለዚህ መልቲሜትሩ እዚህም ይሰራል፣ መኪናው ለመንዳት ዝግጁ ሲሆን ትንሹ ባትሪ ላይ ለኩ፣ ከ13 በላይ ከሆነ ኮንቨርተሩ እየሞላው ነው፣ 12.3 ላይ ቀርቶ እየወረደ ከሆነ ባትሪ ሳይሆን ኮንቨርተሩን ወይ ፊውዙን የሚያይ ሰው ፈልጉ። እናንተ ግን ከትንሹ ባትሪ አትለፉ፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ላይ ብዙ መቶ ቮልት ስላለ መልቲሜትርም እጅም ወደነሱ አታስጠጉ።